ሁለት ጊዜ ቆዳ የለበሰችው ታንኳ

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ግንቦት ልደታ ባለፈች በሦስተኛው ቀን፣ የስማዳ ምድር ገና ዝናብ ሳይጠጣ፣ ደብተራ ቀለመወርቅ ከወገዳ ገበያ አራት የበሬ ቆዳ በሁለት አህያ አስጭኖ ወደ ወይራ አምባ ገባ፤ የአምባውም ሰው ከየደጃፉ ብቅ እያለ አየው፤ አይቶም ዝም አላለም።

ቆዳ መግዛት ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ይህ ሰው የጋይንት ቤተ ልሔም ደቀ መዝሙር፣ ድጓን ከነምልክቱ የሚጽፍ፣ ብራና ፍቆ ቀለም በጥብጦ የሚያድር ቁም ጸሐፊ ነው፤ በሃያ ስምንት ዓመት ሥራው ከፍየልና ከበግ ቆዳ በቀር ነክቶ አያውቅም። ታዲያ በበሬ ቆዳ ምን ሊጽፍበት ነው? ያውም በአራት! ደብተራ ሲባል ደግሞ የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ፤ በማኅሌቱ ቆሞ ሲያሸበሽብ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይለዋል፤ ዞር ሲል «ጥላ ወጊ» ይለዋል።

ወይራ አምባ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ የገብስና የባቄላ አገር ነው፤ ከገደሉ ሥር ጥቁር ውኃ የሚባል ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ጎሽ ሜዳ አለ። የሁለቱ ማዶ ሰው አንድ ነው፤ ይጋባል፣ ይካሰሳል፣ ይታረቃል። በበጋ ፍየል እየዘለለች የምትሻገረው ወንዝ ግን ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስቀል ድረስ ዳኛም፣ ሐኪምም፣ ካህንም አያሳልፍም፤ ድልድይ ይሠራል እየተባለ ስንት ሹም መጥቶ ስንት ሹም ሄደ።

ደብተራው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ የቀረችው አንዲት ልጅ፣ እሌኒ፣ በዚያ ማዶ ኢዮብ ለሚባል ገበሬ ተድራ ትኖራለች። አምና በነሐሴ ምጥ ያዛት፤ ጤና ጣቢያው በወዲህ ማዶ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ሦስት ቀን አማጠች፤ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ፤ እርሷም ለጥቂት ተረፈች። አባትዬው በወዲህ ዳር ቆሞ የሰማውን ጩኸት ለማንም አልተናገረም። ዘንድሮ ደግሞ አርግዛለች፤ ቀኗም ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይውላል ተባለ።

«ሰኔ ሳይገባ ነይ» ብሎ ላከባት።

«ዘሩን ሳንዘራ ቤቱን ለማን ጥዬ? ሰኔ ሲጋመስ እመጣለሁ» ብላ መለሰች።

ልጁን ያውቃታል፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ በጥማድ በሬ ቢጎትቷት አትነቃነቅም። ሰኔ ሲጋመስ ደግሞ ወንዙ የማንን ቀጠሮ ያከብራል?

የታንኳውን ነገር ያመጣችው የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ጽጌረዳ ናት። በሚያዝያ ወገዳ ላይ ተገናኝተው፣ ኔትወርክ ካለበት ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ በስልኳ አንድ ነገር አሳየችው፤ በበረዶ አገር የሚኖሩ ሰዎች ቀጫጭን እንጨት እንደ ጎድን አጥንት አቁመው፣ በጅማት አስረው፣ ቆዳ ወጥረውበት ባሕር ሲሻገሩ። ስሙም ካያክ ይባላል አለችው። ደብተራው ሦስት ጊዜ አሳዪኝ ብሎ አየና፣

«ይህማ ብራና መወጠር ነው!» ብሎ ጮኸ፤ የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

እንግዲህ ይህን ለሰፈሩ ቢናገር ኖሮ ታሪኩ በዚሁ ባለቀ ነበር። አልተናገረም። በእኛ አገር የእርጉዝ ነገር በአደባባይ አይወራም፤ ዓይን አለ፤ የሰው ዓይን ያልተወለደውን ልጅ ከእናቱ ሆድ ያወጣል ይባላል። ለዚህ መከላከያ የሚሆነውን ክታብ ለስማዳ ሴቶች ጽፎ የሚያንጠለጥለው ደግሞ ማን ሆነና? እርሱ ራሱ! ስለዚህ አፉን ዘጋ፤ አጥሩን በእሾህ ደፈነ፤ ሥራውን ጀመረ።

የባሕር ዛፍ አጣና ሰንጥቆ ለቁመቱ አጋደመ፤ እርጥብ ክትክታ በፈላ ውኃ እያለሰለሰ ለጎድኑ አጎበጠ፤ በየመገጣጠሚያው ሚስማር ሳይመታ እንደ መጽሐፍ ጥራዝ በጅማት ሰፋው። ስምንት ክንድ የሚረዝም፣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ መካከሉ ለሁለት ሰው የሚበቃ አጽም ሆነ። ከዚያ በኋላ የበሬዎቹን ቆዳ ዘፍዝፎ፣ ወጥሮ፣ ይፍቅ ጀመር።

ጎረቤቱ ማሚቴ በአጥሩ ሽንቁር አየች። ማየት ብቻ አይደለም፤ በማግስቱ ሽንቁሩን በጣቷ አሰፋችው። በሦስተኛው ቀን ግን ማየቱ አልበቃ አላትና በሩ ድረስ መጣች።

«የኔታ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

«ደኅና ነኝ። እንዲያው ይህ የሚሠሩት ነገር… ለማን ይሆን?»

«ለሚያስፈልገው ነው።»

«እሱማ አዎ» አለችና ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ በፍጥነት ሄደች። ከዚያ የደረሰችበት ቤት ሁሉ «ሰምታችኋል? የሬሳ ሣጥን ነው፤ ያውም የሁለት ሰው!» ትል ጀመር።

ወይ ጉድ! ያን ሰሞን በወይራ አምባ ከደብተራው ጋር ተኳርፎ የነበረ ባልና ሚስት ሁሉ እንቅልፍ አጣ። አንዱ ሣጥን አይደለም፣ ክታብ ነው አለ፤ የመንደሩን ሰው ሁሉ ስም በአንድ የበሬ ብራና ላይ አስፍሮ ሊደግምበት ነው። ሌላው ደግሞ በሬዎቹ ከየት መጡ፣ ማን አረዳቸው ብሎ ጠየቀ። ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር የተባለው እውነት ነው፤ ግን ስንጥሩን ብቻ ሲፈልግ ገንፎው የሚቀዘቅዝበት ሰው ስንት ነው!

በዚህ መካከል የሰኔው ነገር መጣ። ሰኔ ዐሥራ አምስት ቀን በባሕር ዳር ደም ፈሰሰ፤ አገር ደነገጠ፤ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በየኬላው ፍተሻ ቆመ፤ ከላይ እስከ ታች ያለ ሹም ሁሉ አጠገቡ ያለውን በጎን ያይ ጀመር። ለቀበሌዎችም ያልታወቀ ሰውና ያልታወቀ ነገር ሁሉ ይጣራ የሚል ቃል ወረደ። በወይራ አምባ ያልታወቀ ሰው አልነበረም፤ ያልታወቀ ነገር ግን በደብተራው ጓሮ ተጋድሞ ነበር።

የቀበሌው የጸጥታ ኃላፊ አበባው ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ መጣ። ረጅም ሰው ነው፤ ከደብተራው ጋር በባሕር ዛፍ ድንበር ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገረም፤ ሚስቱም እንደዚሁ።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ትእዛዝ ነው። ይህ ምንድን ነው?»

«ታንኳ ነው።»

«ታንኳ!» አበባው ወደ ሚሊሻዎቹ ዞረ። «ጣና ወዲህ የተጠጋው መቼ ነው?»

«ለጥቁር ውኃ ነው፣ ልጄ።»

«ጫፉ ለምን ሾለ?»

«ውኃ እንዲሰነጥቅ።»

«ውኃ ነው አየር? እኔ በቴሌቪዥን የማየው ሚሳይልም እንዲሁ ነው የሾለው።»

«ሚሳይል በጅማት ይታሰራል? ጽጌረዳን ጠይቃት፤ በስልኳ አብረን ነው ያየነው።»

ጽጌረዳ ተጠራች፤ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። «ቪዲዮ ነው፤ ካያክ ይባላል፤ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል» አለች።

«እንግዲያው አሳዪኝ።»

«ኢንተርኔት ተዘግቶ እንዴት አድርጌ? ስልኬ ላይ አልጫንኩትም።»

«አየሽ» አለ አበባው፤ «ማስረጃ ሲፈለግ ኔትወርክ ይጠፋል።»

ከዚያም በአጽሙ ርዝመት አንድ ጊዜ ሄደ፤ ሁለተኛ ሄደ፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ የራሱ ቁመት ልክ መሆኑን ልብ አለ፤ ላብ አጠመቀው። ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «የሁለት ሰው ነው ይላሉ። ማንና ማን ነው የሚገባበት?» ሲል ጠየቀ።

የእውነቱ መልስ እናትና ልጅ ነበረ። ደብተራው አፉን ከፈተ፤ ሁለቱ ሚሊሻዎች፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የማሚቴ ዓይን፣ ይጠብቁታል። አፉን መልሶ ዘጋ። ይህችን ዝምታ አበባው በልቡ ጻፋት፤ ከወረዳ መልስ እስኪመጣ ድረስ ታንኳዋ ከአጥር እንዳትወጣ አዘዘና ሄደ።

በዚያው ሳምንት ዝናቡ ከቀኑ ቀድሞ ወረደ። ጥቁር ውኃ በሰኔ ሃያ አንድ ማርያም ዕለት ደፈረሰ፣ በማግስቱም ሞላ። እሌኒ ዘሩን ጨርሳ፣ ዕቃዋን ቋጥራ፣ እስከ ዳሩ ወርዳ ነበር አሉ፤ አይታው ተመለሰች።

ደብተራው ሥራውን አፋጠነ። በሐምሌ አጋማሽ ታንኳዋ ቆዳዋን ለበሰች፤ እንዴት ያለች ቆንጆ ነበረች! ነጭ፣ ስስ፣ በጣት ሲመቷት እንደ ከበሮ የምትመልስ። ጸሐፊው ዞሮ ዞሮ አያት፤ ወንጌል ቢጽፉባት እንኳ የማታሳፍር ናት ብሎ ኮራ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ፤ እርሱም እንድትፈተን ብሎ ደጅ ተዋት። የሐምሌ ዝናብ የወረዳ ትእዛዝ አይጠብቅም፤ መረመራት። አንድ ሰዓት ሳይሞላው ቆዳው ረገበ፤ እንደ ራሰ ጨርቅ ተንዠረገገ፤ ስፌቱ ተላቀቀ፤ ሆዷ ውኃ ቋጠረ።

ስሕተቱ የሌላ የማንም ሊሆን የማይችል ስሕተት ነው። እጁ ከልማዱ አልወጣም፤ የጠጉሩንም የሥጋውንም ወገን እስኪሳሳ ፍቆ፣ ስቡን ጠርጎ አውጥቶ፣ ከበሬ ቆዳ ብራና አወጣ። ብራና ደግሞ ውኃ አይወድም። ይህን ማንም ነግሮት አይደለም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለተማሪ ሁሉ «ብራናን ከውኃ ጠብቁ» እያለ ያስተማረው እርሱ ነው። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

በወይራ አምባ ውኃ የሚችል ቆዳ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ከመንደሩ በታች፣ ከጅረቱ ዳር፣ ከቤተሰቡ ጋር ከሰው ተለይቶ የሚኖር ፈንታ። ጀንዲ ያለፋል፣ ስልቻ ይሰፋል፣ ጠፍር ይቆርጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ በተነፋ ስልቻ ወንዝ ሲሻገር ያደገ ዋናተኛ ነው። ሰው ዕቃውን ይገዛዋል፤ ቤቱ ግን አይገባም። እንግዲህ ፍረዱ! ደብተራውም ቆዳ ይፍቃል፣ ፈንታም ቆዳ ይፍቃል፤ መፋቂያቸው የአንድ አንጥረኛ ሥራ ነው፤ አንዱን «የኔታ» ብለው ይነሡለታል፣ ሌላውን «ቡዳ» ብለው ልጆቻቸውን ይሸፍኑበታል። ደብተራውም ከሌላው የተለየ አልነበረም፤ በዚያ ጅረት ባለፈ ቁጥር በከንፈሩ ይደግም ነበር፤ ለመንደሩ ሕፃናት የጻፋቸውም ክታቦች፣ ስሙን ባይጠሩት እንኳ፣ ማንን ለመከላከል እንደሆኑ የማያውቅ የለም።

ፈንታ በደጁ ጠፍር ይቆርጥ ነበር። ሲያየው ተነሣ።

«ይግቡ የኔታ… ወይም እዚሁ ደጅ ይሁን።»

«ደጅ ይበቃል» አለ ደብተራው፤ ነገሩንም ሁሉ ነገረው፤ የልጁን እርግዝና ሳይቀር።

ፈንታ መቁረጡን ሳያቋርጥ ሰማውና «ጥፋቱ መፋቅዎ ነው» አለ። «የቆዳውን ውጭ መንካት አልነበረብዎትም፤ ከውስጡም ቢሆን ስቡን ጨርሰው ማውጣት የለብዎትም። ለፍቶ፣ ሞራና ሰም ጠጥቶ ሲጠግብ ነው ውኃ የሚመልስ።»

«ጊዜ አለን?»

«ከእርጥብ ቆዳ ከተነሣን የለንም። የለፋ ጀንዲ ግን አራት አለኝ።» ወደ ቤቱ ገባ፤ ቤተሰቡ የሚተኛባቸውን ጀንዲዎች ከየመደቡ አንሥቶ፣ አራግፎ፣ ደጅ ላይ አነባበራቸው። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ የኔታ። እርስዎ የተማሩ ነዎት። የእኔ ዓይን እውነት ሰው ይበላል?»

«እንግዲህ… ይላሉ» አለ ደብተራው።

«የሚሉትንማ ስሰማው ኖርሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ደብተራው መሬት መሬት አየ። ፈንታም ጀንዲዎቹን ጠቅልሎ በትከሻው ተሸከመና «ይምሩኝ፤ ሥራው ይጠብቀናል» አለው።

ዐሥር ቀን አብረው ሠሩ። ነጩ ብራና ወለቀ፤ ቡናማው ጀንዲ ገባ፤ ደብተራው በጅማት ሰፋ፣ ፈንታ ስፌቱን በሞራና በሰም ደፈነ። መቅዘፊያውን ከሁለት ላይዳ ሠሩት፤ በአንድ ረጅም ዘንግ ሁለት ጫፍ እህል መበተኛውን ላይዳ አሰሩ። ታንኳዋ አለቀች፤ የወረዳው ፈቃድ ግን አልመጣምና ከአጥር ሳትወጣ ነሐሴ ተጋመሰ። ማሚቴ ግን ፈንታ ከደብተራው አጥር ሲገባ አይታ ነበርና፣ «ጥላ ወጊና ቡዳ ባንድ ጓሮ! ኧረ በማርያም፣ ዘንድሮስ አለቅን!» ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው፤ ዝናብ ነው ብሎ ከቤት የዋለ ሰው ሁሉ ሥራ አገኘ።

ነሐሴ ሃያ አራት፣ የተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ረፋዱ ላይ፣ ከማዶ ጥሪ መጣ። የኢዮብ ድምፅ ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ፣ ገደሉን ወጥቶ ተሰማ። «እሌኒን ምጥ ይዟታል! ከትናንት ጀምሮ! ወደ ዳሩ እያወረድናት ነው!»

ደብተራውና ፈንታ ታንኳዋን በትከሻ ይዘው ገደሉን ወረዱ፤ ጽጌረዳ ቦርሳዋን አንግታ ተከተለች፤ ከኋላቸው መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወረደ፤ ገሚሱ ሊረዳ፣ ገሚሱ ሊያይ። ወንዙ ሰፋ፣ ረጋ ከሚልበት መሻገሪያ ሲደርሱ አበባው ጠመንጃውን ይዞ ከፊታቸው ቆመ።

«ከወረዳ ፈቃድ አልመጣም፣ የኔታ።»

«አበባው ልጄ፣ ልጄ ናት። ታንኳዋ የምትይዘው እናትና ልጅ ነው። ያን ቀን ስትጠይቀኝ እናትና ልጅ ልልህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላሉኝም? ሁለት ወር ሙሉ ሚስቴ እንቅልፍ አጣች እኮ!»

«ዓይን ፈርቼ።»

«የማንን?»

ደብተራው ከጎኑ የቆመውን ፈንታን አየ። አበባውም ማዶውን አየ፤ በቃሬዛ የተሸከሟትን ሴት አራት ሰዎች እያዳለጣቸው ያወርዷታል። ጠመንጃውን በትከሻው አነገተ፤ ከታንኳዋ ጭራ የታሰረውን ጠፍርም ያዘ። «ገመዱን እኔ እይዛለሁ» አለ፤ «ከእጄ አይወጣም። የሚያመልጥ ነገር ካለ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ፈንታ ሌላ ጠፍር ከፊቷ አስሮ ገባ። ላይዳውን ግራና ቀኝ እየመታ፣ ወንዙ ወደ ታች ሲጎትተው ወደ ላይ እያዘነበለ ተሻገረ። ታንኳዋ አልረገበችም፣ አልጠጣችም። ማዶ ሲደርስ ኢዮብ የፊቱን ጠፍር ተቀበለው።

ያን ጊዜ እሌኒ ከቃሬዛው ቀና ብላ ፈንታን አየችው፤ አይታም ጮኸች።

«እሱ አይንካኝ! አባባ የላኩብኝ እሱን ነው? አይንካኝ!»

አማቷ አመተ ሥላሴ ጋቢውን በፊቷ ላይ ጣለችባት፤ በሰውነቷም ከለለቻት። «ሂድ ወዲያ! ወንዙ ይብላት እንጂ አንተ አትበላትም!» አለችው። እሌኒ አንገቷ ላይ ያለውን ክታብ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ያን ክታብ አባቷ ነው የጻፈላት፤ አምና ልጇ ከሞተ በኋላ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም፣ ከማንኛውም ክታቡ አስበልጦ ተጠንቅቆ የጻፈው። ፈንታ መቅዘፊያውን ይዞ ውኃው ውስጥ ቆመ፤ አልተቆጣም፤ ይህን ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው አይደለም።

ደብተራው ከወዲህ ዳር ሁሉንም ያያል። አምና የሰማው ጩኸት እንደገና በጆሮው ነው። ወንዝ ያገዳት መስሎት ነበር፤ ወንዙንስ ታንኳዋ ተሻግራዋለች፤ አሁን ያገዳት የእርሱ የገዛ እጅ ጽሕፈት ነው። ከኋላው መንደሩ ሁሉ ቆሟል፤ ከመካከላቸውም የእርሱን ክታብ ልጁ አንገት ላይ ያላሰረ ጥቂት ነው። ከተናገረ በዚህ አገር ሁለተኛ ስም አይኖረውም።

እስከ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ገባና ጮኸ።

«እሌኒ! ስሚኝ! ክታቡ ውሸት ነው! ዓይን የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ነኝ የጻፍሁት፤ እንጀራ ብዬ የጻፍሁት ነው!»

ከኋላው ጉርምርምታ ተነሣ። ማሚቴ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች።

«አባባ፣ ይማሉልኝ!» አለች እሌኒ ከጋቢው ሥር።

«በጻፍሁት ወንጌል! ውሸቴን ከሆነ ይህች እጄ ትድረቅ! አያ ፈንታ ሰው ናቸው፤ እንደ እኔና እንዳንቺ ሰው ናቸው! ልጆቻቸው የሚተኙበትን ጀንዲ አንሥተው ነው ታንኳውን ያለበሱልሽ! ግቢ፣ ልጄ፣ ግቢ!»

ከዚያ ምጡ መጣባት፤ ጮኸች፤ ጩኸቱ ሲያልፍም አማቷን በእጇ ገፋ አደረገቻት። ክታቡን ከአንገቷ አላወለቀችውም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ዓይኗን ጨፍና «አስገቡኝ» አለች፤ አስገቧት።

መካከሉ ላይ ሲደርሱ ጎርፉ ያመጣው ግንድ ጎኗን መታት፤ አንዱ ስፌት ተከፈተና ውኃ ገባ። ፈንታ ሸሚዙን አውልቆ ቀዳዳውን በጉልበቱ ደፈነው፤ መቅዘፉንም አላቆመም። «ሳብ!» ብሎ ጮኸ። አበባው ሳበ፤ ሚሊሻዎቹ ሳቡ፤ ሣጥኔ ነው ብሎ ሁለት ወር ሲጠረጥር የከረመው ሁሉ አንዱን ጠፍር ይዞ ሳበ። እሌኒ በወዲህ ዳር ስትወጣ ዓይኗ እንደተጨፈነ ነበር። በስድስት ሰዓት ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጽጌረዳም ወጥታ «ሁለቱም ደኅና ናቸው» አለች፤ ደብተራው መሬቱን ሳመ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የቀረው ምንድን ነው? ለወረዳው የተላከው ዘገባ ዛሬም በፋይል ውስጥ አለ፤ «በቀበሌው የጸጥታ መዋቅርና በኅብረተሰቡ ትብብር አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ወንዝ ተሻግራ በሰላም ተገላግላለች» ይላል። ታንኳዋ «ማስረጃ» ተብላ በቀበሌው መጋዘን ተቀመጠች፤ ሞራ የጠገበውን ቆዳዋን በጥቅምት ውሾች ገብተው በሉት። ክታቡን መልሶ ለደብተራው ያመጣለት ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው «ቡዳው አስገድዶ ነው ያስማለው» ብሎ ይበልጥ አጥብቆ አሰረው፤ ያረጀበትም ሌላ ደብተራ ዘንድ ሄዶ አሳደሰ። ቀለመወርቅ ክታብ መጻፍ ትቶ በመጽሐፍ ብቻ ኖረ፤ ኑሮውም ቀጠነ። በዚያ ዓመት በፈጸመው ድጓ መጨረሻ ቅጠል ላይ፣ ጸሐፊ የራሱን ስም በሚያኖርበት ቦታ፣ «ተዘከሮ እግዚኦ ለገብርከ ፈንታ»፣ ጌታ ሆይ ባሪያህን ፈንታን አስበው፣ ብሎ ጽፎ ነበር፤ ደብሩ መጽሐፉን የተቀበለው ያች መስመር ከተፋቀች በኋላ ነው። ዛሬ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ያነሣ ሰው ስስ ቦታ ያያል፣ ፊደል ግን አያይም።

በኅዳር፣ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ፣ እሌኒ ወደ ቤቷ ስትመለስ በጅረቱ በኩል ዞረች። ከፈንታ ደጅ ቆመች፤ በአገሩ ልማድ ከሰው ዓይን የተሸፈነችውን ልጅ በጠራራ ፀሐይ ገለጠቻት።

«አያ ፈንታ፣ ልጅዎን ይዩዋት።»

ፈንታ ዕድሜውን ሁሉ ሕፃን ያዘለች ሴት በመንገድ ሲያገኝ፣ እናትዬው እንዳትደነግጥ ፊቱን ወደ ገደል አዙሮ የሚያሳልፍ ሰው ነው። ከተቀመጠበት ተነሣ፤ እጁን በቁምጣው ጠረገ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሣም።

«ደኅና ናት?» አለ።

«ደኅና ናት። ይዩዋት እንጂ።»

«አያታለሁ፣ አያታለሁ» አለ፤ መሬት መሬት እያየ።